ቄስ አካለ ወልድ የጠረቡት ሜቴን

ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለወንጌላዊት፣ ሆላንድ

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድስ እንዴት አደረገሽ? እኛ አምላከ ቅዱሳን ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ የኔአለም ጉልበቷን ያማታል፣ አፏ ግን ደህና ነው። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፤ ላሟም ወልዳለች።

ይህን ደብዳቤ ኤልያስ ከተማ ወርጄ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ለገዳሙ እሰጠዋለሁ፤ በስልኩ አንስቶ ይልክልሻል። መልስሽንም አትሞ ያስቀምጥልኛል። ስልክ ላይ መጮህ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ገዳሙ ሲያነሳ እንደሚያነብም አውቃለሁ። ገዳሙ፣ እዚህ ስትደርስ ለአንተም ጤና ይስጥህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ዜማ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ከአሥር አያልፍም። በሚመጣው መስከረም ደብረ ማርቆስ ገብቼ፣ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ ትላለች። እኔ አይሆንም ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ በእኔና በእሷ መካከል «እንደምን አደሩ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ሆኖ ከረመ። አንቺን ማርቆስ ድረስ ነበር የሸኘሁሽ፤ አንቺ ሆላንድ ደረስሽ። በቃ፣ ይህን ብዬ ልተወው።

ባለፈው ማክሰኞ ግን መቋሚያ ስጠርብ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ትንሽ እንጨት ይሰጡኛል?»

«ለምንሽ?»

«ሜቴን ልሠራበት።»

ሜቴን ማለት ከበሬ ግሳትና ከእበት የሚወጣ ጋዝ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ጋዝ በእንጨት የሚሠራው የት አገር ነው አልኳት። የኬሚስትሪ መምህራቸው ምናለ፣ ዓይን የማያየውን ነገር ቅርጹን ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸዋል። የተመረጠው ሥራ በየካቲት ማርቆስ ለሚደረገው የተማሪዎች የሳይንስ ትርኢት ይሄዳል። መጽሐፏን ገለጠችልኝ። መካከል ላይ ካርቦን የሚሉት አለ። ከእሱ ላይ፣ ታች፣ ቀኝና ግራ አራት ሃይድሮጂን ተይዟል።

«ይኼማ መስቀል ነው!» አልኳት።

ሳቀች። ካለፈው መስከረም ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። በይ እንግዲያው አንቺ ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ፣ የምጠርበው እኔ ነኝ አልኳት።

እስኪ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። ካርቦን የሚሉት በእውነት አራት እጅ ብቻ ነው ያለው? ልጅቷ እንዳታሞኘኝ። ደግሞ የማይለቅ ጥቁርና ነጭ ቀለም ካገኘሽ ላኪልኝ።

የአባቶችሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ ቄስ አካለ ወልድ


ኡትሬክት፣ ሆላንድ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

በእጅጉ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለቄስ አካለ ወልድ

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ ጨለማውን ግን አልለመድኩትም። እዚያው ወተት ፋብሪካ ውስጥ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዜማ አላሞኘችዎትም። ካርቦን እጁ አራት ነው፣ ሃይድሮጂን ደግሞ አንድ። እጅ ያልነው ለማዋጣት የተዘጋጀ ኤሌክትሮን ነው። እርስዎና ጋሽ ፈንታ መቀናጆ የነበራችሁበት ዓመት ትዝ ይልዎታል? እርስዎ ቦራውን በሬ አመጡ፣ እሳቸው ዳልቻውን፣ አንድ ጥማድ ሆነ። በሬዎቹ ሲያርሱ የአንዳችሁ ብቻ አልነበሩም፣ የሁለታችሁም ነበሩ። ኬሚካዊ ትስስርም እንዲሁ ነው። ካርቦን አንድ ያዋጣል፣ ሃይድሮጂን አንድ ያዋጣል፣ ጥንዱን አብረው ይይዙታል። ካርቦን ይህን ከአራት ጎረቤት ጋር ያደርጋል።

ቀለሙን ገዝቻለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ሲጨርሱ ፎቶ ይላኩልኝ እንጂ! እርስዎና ዜማ አንድ ላይ ቁጭ ማለታችሁን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በምን ቃል ልጻፈው? እትዬ የኔአለምን ሰላም ብላለች ይበሉልኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው።

የእህትዎ ልጅ ወንጌላዊት


ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ። ጾሙ እያለቀ ነው፣ እኛም እያለቅን ነው።

መቀናጆሽን አንብቤ በጣም ደስ አለኝ፤ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አራት በሬ ያለው ሰው ምን አጥቶ ነው መቀናጆ የሚገባ? ሁለት ጥማድ አቁሞ ያርሳል እንጂ! ዜማን ብጠይቃት «ስምንት ኤሌክትሮን ካልሞላለት አያርፍም» አለችኝ። ስግብግብ ነው በይኛ። ይሁን፣ ለሰጠው ሰጠው።

ሥራዬን ጨረስኩ። መካከሉንና አራቱን ክንዶች ከአንድ ወይራ አወጣኋቸው፤ እያንዳንዱ ክንድ ልክ አንድ ስንዝር ነው። ካርቦኑ ላይ ዙሪያውን ሐረግ ቀረጽኩበት። ሃይድሮጂኖቹ የዋንዛ ናቸው። ገዳሙ ፎቶውን አብሮ ይልክልሻል። እሱም አይቶ «አባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእጅዎ ወጥቶ አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አንድ ጉድ ልንገርሽ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ስመለስ አክስትሽ የኔአለም ቆማ ትሳለመዋለች! ግንባሯን አስነክታ፣ ከንፈሯን አስነክታ፣ ደግሞ ግንባሯን። «አንቺ ሴት፣ ምን ታደርጊያለሽ? ያልተባረከ ነው! የበሬ ግሳት ነው!» ብላት፣ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ባየችው ቁጥር ሳቅ ይገላታል። እኔም ብስቅ ምን ይለኛል።

ለዜማ እንዲህ ብያታለሁ፤ ማርቆስ ያሉት አዋቂዎች አይተው ትክክል ነው ካሉ፣ የመስከረሙን ነገር እሺ እላለሁ። ትክክል አይደለም ካሉ ግን ማርቆስ የሚባል ወሬ ከቤቴ ይወጣል። እስከዚያ ማንም አያየውም፣ መምህሩም ቢሆን። የሰው ዓይን አልወድም።

ሠርቼ ያሳየኋት ቀን ግን ዝም አለች። ደስታው በዝቶባት ነው መሰለኝ።

ቀለሙን አትርሺ። እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።

አጎትሽ ቄስ አካለ ወልድ


ኡትሬክት፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ቤተሰቡ ሁሉ በዓሉን እንዴት ዋለ? መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ስለሆነ ተውኩት። ፎቶው ከደረሰኝ ጀምሮ እያየሁት ነው። ሐረጉ ማማሩ! የክንዶቹ ጠርዝ! ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳይቼ «አጎቴ ነው የሠራው» እያልኩ ኮርቻለሁ። እትዬ የኔአለም ላይ አይፍረዱባቸው፤ እኔም ብሆን እሳለመው ነበር።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ጊዜ ሲያገኙ ቀጭን ክር ይውሰዱና ከአንዱ ሃይድሮጂን እስከ ሌላው ድረስ ይለኩልኝ። ከላይኛው እስከ ቀኙ፣ ከዚያ ደግሞ ከላይኛው እስከ ታችኛው። አራቱ ሃይድሮጂኖች በምንም አይበላለጡም፤ አንዱ ለሌላው የቅርብ ጎረቤት፣ አንዱ የሩቅ የሚባል የለም። ያገኙትን ይጻፉልኝ። እንዲያው ማወቅ ፈልጌ ነው።

ዜማን ይሳሙልኝ። ቀለሙ እጄ ላይ ነው።

ወንጌላዊት


ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንጌላዊት

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ክር አልለካም። መስቀል መጥረብ ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከእኔ እጅ ጠማማ ወጥቶ አያውቅም። ወተት መመርመር ሌላ፣ እንጨት ሌላ። ቀለሙን አትላኪ።

አካለ ወልድ

ገዳሙ፣ ይህንንም አንብብ።


ኡትሬክት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ

በእግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ሲቆጡ ደብዳቤዎ እንደሚያጥር ስለማውቅ፣ የመጨረሻውን አንብቤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሎኝ ሰነበተ። ዙሪያ ጥምጥም በመሄዴ አጥፍቻለሁ። አሁን በግልጽ እጽፍልዎታለሁ፤ ከተቀየሙኝም በእውነቱ ይቀየሙኝ።

ሜቴን መስቀል አይደለም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ሥዕሉን አሳዩዎት፣ ሥዕሉን ልክ አድርገው ጠረቡት። ሥዕሉ ግን ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የለውም። ኤሌክትሮኖቹ፣ ያ ጥማድ ያልነው፣ ጥንዱ ከጥንዱ ይገፋፋል። ስለዚህ አራቱ ክንዶች እርስ በርስ የቻሉትን ያህል ይራራቃሉ። ጠፍጣፋ ላይ ከተኙ ይጣበባሉ፤ ሰፋ ያለ ቦታ የሚያገኙት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲከፈቱ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ከሌላው እኩል ይርቃል።

ዜማ ይህን ታውቃለች። ታኅሣሥ ላይ ደውላ እያለቀሰች ነግራኛለች። ለምን ለአባባ አትነግሪያቸውም ብላት ምን አለችኝ መሰለዎት? «ብነግራቸው መሮውን ያስቀምጡታል። መሮውን ካስቀመጡ እንደ መስከረሙ ዝም ይሉኛል። ማርቆስ ሄጄ ብወድቅ ይሻለኛል።» እንዲህ ነው ያለችኝ። አደራዋን በላሁ፤ ይቅር ትበለኝ።

አጎቴ፣ ልጅዎ ከእርስዎ መሸሽ አይደለም የፈለገችው። እርስዎም ለምን እንደከለከሏት የማላውቅ አይምሰልዎ። እኔ ሄጄ ሰባት ዓመት ቀረሁ። የእኔን መቅረት በእሷ ላይ አይቁጠሩባት።

ትርኢቱ አንድ ወር ቀርቶታል። ወይራም አለ፣ እጅዎም አለ።

ሁልጊዜም የእርስዎ ልጅ፣ ወንጌላዊት


ኡትሬክት፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ

ከጻፍኩልዎ ሃያ ስድስት ቀን ሆነ። ለዜማ ብደውል ስልኳ አይሠራም። ገዳሙን በቴሌግራም «አጎቴ ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም» ብሎ መለሰልኝ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ተቀይመውኝ ከሆነ «ተቀይሜሻለሁ» ብለው ይጻፉልኝ፤ ዝምታዎን ግን አልችለውም።

ወንጌላዊት


ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለወንጌላዊት

የተለያዩትን የሚያገናኝ አምላክ ካለሽበት በጤና ይጠብቅሽ። መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። እውነትም ጠፍቶ ነበር፣ ግን አራት ቀን ብቻ። የቀረው ሁሉ የእኔ ነው።

ያን ደብዳቤሽን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቤት እስክደርስ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ሳልመልስ አለፍኩ። ሦስት ቀን ተቆጣሁ። በአንቺ ተቆጣሁ፣ በዜማ ተቆጣሁ፣ መጽሐፉን በሣለው ሰውዬ ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን የምቆጣው ሰው አለቀብኝና ከአክስትሽ እንዝርት ላይ ክር በጠስኩ።

ከላይኛው እስከ ቀኙ አንድ ስንዝር ተኩል አይሞላም። ከላይኛው እስከ ታችኛው ሁለት ስንዝር ሙሉ። ደግሜ ለካሁት። ያው ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አየሁት። ከዚያ ዜማን ጠራኋት።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሐረጉን መቅረጽ የጀመሩ ዕለት መጽሐፉ ውስጥ ቀጥሎ ያለውን ገጽ አነበብኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

መሬት መሬቱን እያየች፣ «ሲጠርቡ ያዜሙ ነበር» አለችኝ።

ወንጌላዊት፣ እኔ ሳዜም እንደነበር አላውቅም። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቄስ ሰውዬ፣ በአንዲት ክር የተነሳ ልጄ ፊት አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። አክስትሽ ከውጭ ገብታ ሁለታችንን ስታይ ሰው የሞተ መስሏት ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ሥራ ገባን። አንድ ላይ። መጀመሪያ በጭቃና በጭራሮ ሞከርን። ሁለቱ ሲስተካከሉ ሁለቱ ይጠባሉ፣ እነሱን ስናርቅ እነዚያ ይቀራረባሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ተጣላን፤ ደስ የሚል ጥል ነበር። በሦስተኛው ቀን የኔአለም ሥራ የፈታን መስለን ታየናትና፣ ባለሦስት እግሯን በርጩማ አምጥታ ፊታችን ዷ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይኼ ሁሉ ጭንቅ ለበርጩማ ነው እንዴ? መቀመጫው ላይ አንድ እንጨት ትከሉበትና ተገላገሉ!»

እኔና ዜማ ተያየን። ሦስት እግር ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ። ዜማ ተነሥታ እናቷን አቀፈቻት። መስቀል ነው ብላ የተሳለመችው ሴት፣ ለሁለት አዋቂዎች ሜቴንን አስተማረችን።

የበርጩማ እግር ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፤ እኛ የምንፈልገው ከፈት ያለ ነው። ምን ያህል ይከፈት? ዜማ መቶ ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል አለችኝ። እኔ ዲግሪ አላውቅም፣ ክር ግን አውቃለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስድስት ክር ወጠርን፤ ስድስቱም እኩል እስኪሆኑ ጠረብኩ። ሁለት ወይራ ተሰበረብኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ስድስቱም ገጠሙ። ዜማ በመስመሪያዋ ለካችና «አባባ፣ ልክ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔም ጮኽኩ፤ ለምን እደብቅሻለሁ?

የሆነው ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ወደ ማርቆስ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን የኑግ ዘይት ቀብቼው ነበርና፣ መድረቁን ልይ ብዬ ጠዋት በሩ ላይ በፀሐይ አዞርኩት። ጥላው ግድግዳው ላይ አብሮ ይዞራል። አንዴ ሦስት ክንድ ይመስላል፣ አንዴ ይጣመማል። ትንሽ ዘንበል ባደርገው ግድግዳው ላይ ምን ቆሞ አየሁ? መስቀሌ! ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አራቱም እኩል። «ዜማ! የኔአለም! ኑ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ለካ መጽሐፉ አልዋሸም። ጥላውን ነው የሣለው። እኔም ያን ሁሉ ቀን የጠረብኩት ጥላውን ኖሯል።

ሁለቱንም ይዘን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት መስቀሉን አዩና ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። «እትዬ፣ ይኼ ሜቴን ነው» አልኳቸው። «የየትኛው ደብር?» ብለው ጠየቁኝ። ዜማ በሳቅ ፍርስ አለች።

ትርኢቱ ላይ ከዳኞቹ አንዷ ሴት «መጽሐፉ ላይ ጠፍጣፋ ነው፤ አንቺ ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ሜቴኑን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው። በሦስት እግሩ ቆመ። ገልብጣ ለቀቀችው፣ ቆመ። በሌላ በኩል ለቀቀችው፣ አሁንም አንዱ ወደ ላይ ሦስቱ ወደ ታች። «አራቱም እኩል ስለሆኑ ላይና ታች የለውም» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ በፀሐይ አዞረችው፣ ጥላውን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና፣ የእኔን መስቀል አጠገቡ ያዘችው። «ይህን አባቴ ናቸው የሠሩት። ያንንም አባቴ ናቸው የሠሩት» አለች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ጥምጣሜን ደጋግሜ አስተካከልኩ።

ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ከመርጡለ ማርያም የመጣ ልጅ ነው፤ ውሃ የሚስብ ነገር ሠርቷል። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ሐረግ የለበትም።

ዳኞቹ ትክክል ነው ካሉ እሺ እላለሁ ብዬ አልነበር? ከሰዓት በኋላ ዜማን አስከትዬ በማርቆስ ሠፈር ለሠፈር ዞርኩ። አንድ ግቢ ገብተን ክፍሉን ሳይ፣ ጣሪያውን ሳንኳኳ፣ በሩን ስዘጋና ስከፍት ቆይታ «አባባ፣ ቤቱ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአንቺ ነዋ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማርቆስ ተከራይቼ ኬሚስትሪ ልማር?»

መንገድ ላይ ቆማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን ነፋብን። አከራይዋ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ ደግ ሴት ናቸው፤ መስከረም ላይ ትገባለች። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ስወርድ አያታለሁ ብያለሁ። ቅዳሜም ሳልጨምር አልቀርም።

ቀለሙን ተይው። ወይራው ራሱ ጥቁር ነው፣ ዋንዛውም ነጣ ያለ ነው፤ ድሮም አያስፈልግም ነበር። አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። መምህር ምናለ ሁለቱንም ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ፣ የውሃንም ይጥረቡልን ብሎኛል። ዜማ ውሃ ሁለት ሃይድሮጂን ይዞ ጎበጥ ያለ ነው ትለኛለች። ሥዕል ልላክልዎ እንዳትዪኝ። ሥዕል ምን እንደሆነ አይቻለሁ። እንዴት እንደሚጎብጥ በእጅሽ ይዘሽ እንድታሳዪኝ ነው የምፈልገው። ክረምት ላይ ፈቃድ አለሽ አይደል? እንግዲያው አንቺው ራስሽ ነይ። ሰባት ዓመት ሙሉ ፎቶሽን ብቻ ነው ያየሁት።

አጎትሽ ቄስ አካለ ወልድ

ገዳሙ «እኔም ትምጣ እላለሁ» ይበሉልኝ ብሏል።